አሸዋውን ማን ይመዝነው?

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው በሐሙሲት፥ እንዲሁም በወረታና በደብረ ታቦር፥ የጭቃ ቤት ለብሎኬትና ለኮንክሪት ቤት ቦታውን እየለቀቀ መሆኑን የማያይ ሰው የለም። ለዚህ ግንባታ አሸዋ ከሚዛቅባቸው ወንዞች መካከል ጉማራና ርብ ይገኙበታል። ገዢው አሸዋውን ይዘግንና በመዳፉ ያሸዋል፤ መዳፉ ላይ ጭቃ ከቀረ «ደለል አለበት» ብሎ ዋጋ ይሰብራል፤ ካልቀረ ይስማማል። ይህ መልካም ልማድ ነው። ዳሩ ግን ሻጩ «የለበትም» ሲል፥ ግንበኛው «አለበት» ሲል፥ በሁለቱ መካከል የሚፈርደው ማን ነው?

ነገሩ ቀላል እንዳይመስለን። ደለላም አሸዋ ከሲሚንቶ ጋር ከተቦካ ምሰሶው ይደክማል፤ ጕዳቱም የሚታየው ሻጩም ግንበኛውም ዋጋቸውን ተቀብለው ከሄዱ በኋላ ነው። ባለጸጋ ቤቱን አፍርሶ ይሠራል። በዕቁብና በብድር አንድ ቤት የሠራች መበለት ግን ሁለተኛ ዕድል የላትም። ስለዚህ የዳኛው ነገር ሊታሰብበት ይገባል። ያ ዳኛ ቤተ ሙከራ ነው፤ በዚህ እትማችንም ስለ እርሱ ለመጻፍ የተነሣነው ይህን በመገንዘብ ነው።

ደቃቁን ከሻካራው መለየትና ገጽን ማወቅ ለአገራችን ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። እናቶቻችን ዱቄቱን በወንፊት ይነፋሉ። የወፍጮው ድንጋይ ሲለሰልስ ይወቀራል፤ ለስላሳ ድንጋይ እህል አያደቅምና። ሸክላ ሠሪዋ ምጣዱን ሳይደርቅ በለስላሳ ጠጠር ታሻለች፤ የገዛችውም ባልቴት በጎመን ዘር ታሟሸዋለች፤ ያልተሟሸ ምጣድ እንጀራውን ይይዛል። ይህ ሁሉ እውነተኛ የቅንጣትና የገጽ ዕውቀት ነው። ጕድለቱ አንድ ብቻ ነው፤ ይኸውም ዕውቀቱ በጣት ጫፍ ላይ መኖሩና ከባለጣቷ ጋር መቀበሩ ነው። ጣት አይጻፍም፤ ወደ ሩቅ አገር አይላክም፤ በክርክር ጊዜም ማስረጃ ሆኖ አይቀርብም። ቁጥር ግን ይጻፋል፤ ይላካል፤ የተጠራጠረውም ሰው ደግሞ ለክቶ ሊመረምረው ይችላል።

ቁጥሩ እንዴት እንደሚገኝ በአጭሩ እንግለጽ። አሸዋን ለመመርመር የብረት ወንፊቶች ይደራረባሉ፤ የላይኛው ቀዳዳ 4.75 ሚሊሜትር፥ ከሥሩ ያሉት 2.36፥ 1.18፥ 0.6፥ 0.3 እና 0.15 ሚሊሜትር ናቸው፤ እያንዳንዱ ከበላዩ ካለው ግማሽ ያህል ማለት ነው። በየወንፊቱ ላይ የቀረው ሲመዘን የአሸዋው መልክ በወረቀት ላይ ይወጣል። ከ0.075 ሚሊሜትር ወንፊት በውሃ ታጥቦ የሚያልፈው ደግሞ ያ የምንፈራው ደለልና ሸክላ ነው። በአገራችን የሕንፃ ሥራ ደንብ ደለሉ ከ6 በመቶ ሲበልጥ አሸዋው ይታጠባል ወይም ይመለሳል።

ከዚያ በታች ያለውን ወንፊት አይደርስበትም፤ ስለዚህ በውሃ ውስጥ ሲወርድ ይጠበቃል። በአየርላንድ የተወለደው የሒሳብ ሊቅ ጆርጅ ጋብርኤል ስቶክስ እ.ኤ.አ. በ1851 እንዳስረዳው፥ ደቃቅ ቅንጣት በውሃ ውስጥ የሚወርድበት ፍጥነት ከስፋቱ ካሬ ጋር ይሄዳል፤ ስፋቱ ሁለት እጥፍ የሆነ አራት እጥፍ ይፈጥናል። 0.05 ሚሊሜትር የሆነ ቅንጣት 10 ሳንቲሜትር ለመውረድ 45 ሰከንድ ያህል ይበቃዋል። 0.002 ሚሊሜትር የሆነው የሸክላ ቅንጣት ግን ያችኑ 10 ሳንቲሜትር ለመውረድ ስምንት ሰዓት ያህል ይፈጅበታል። እ.ኤ.አ. በ1927 ጆርጅ ቡዩኮስ የተባለው የአፈር ተመራማሪ በዚህ ሕግ ላይ ተመሥርቶ፥ አንድ ተንሳፋፊ መለኪያ በጭቃው ውሃ ውስጥ በመንከር ብቻ የአፈሩን አሸዋ፥ ደለልና ሸክላ የሚለይበትን ዘዴ አወጣ። ዛሬም በየአገሩ ያሉ የአፈር ቤተ ሙከራዎች ይሠሩበታል።

ደቃቅ ነገር ይህን ያህል ለምን ያስፈራል? ወይም ለምን ይጠቅማል? ምሥጢሩ ገጹ ነው። በየጎኑ አንድ ሳንቲሜትር የሆነ ጠጠር የገጹ ስፋት 6 ካሬ ሳንቲሜትር ነው። ይህንኑ ጠጠር በየጎናቸው አንድ ሚሊሜትር ወደሆኑ ቅንጣቶች ብንቈራርሰው 60 ካሬ ሳንቲሜትር ይሆናል፤ የሚሊሜትር አንድ ሺኛ ወደሆኑት ብናደቀው ደግሞ 6 ካሬ ሜትር ይሞላል። ክብደቱ አልጨመረም፤ ገጹ ግን አሥር ሺህ እጥፍ ሆነ። የሲሚንቶ ጥሩነት ከሚታወቅባቸው ነገሮች አንዱ ይኸው ነው። እ.ኤ.አ. በ1943 ብሌን የተባለው አሜሪካዊ ባወጣው ዘዴ አየር በታመቀ የሲሚንቶ ዱቄት ውስጥ ለማለፍ የፈጀበት ጊዜ ይለካል፤ ከዚያም የገጹ ስፋት ይሰላል። የተለመደው ሲሚንቶ በኪሎ ከ300 ካሬ ሜትር የማያንስ ገጽ አለው። እንግዲህ በአንድ 50 ኪሎ ከረጢት ውስጥ 15,000 ካሬ ሜትር፥ ማለት ጥማዱ ሩብ ሄክታር ሲሆን ስድስት ጥማድ መሬት የሚያህል ገጽ ታጥፎ ተቀምጧል። ውሃ የሚይዘውና አሸዋውን የሚያጣብቀው ይህ ገጽ ነው። ደለልና ሸክላም የራሳቸው ሰፊ ገጽ ስላላቸው ውሃውን ይሻማሉ፤ በአሸዋው ፍሬ ላይ ተለብጠውም ሲሚንቶው እንዳይጨብጠው ይከለክላሉ። የምሰሶው መድከም ምክንያቱ ይህ ነው።

አሸዋ ብቻ አይደለም ጉዳያችን። ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ከጉና ተራራ የሚነሡት ርብና ጉማራ በክረምት ቡናማ ሆነው ወደ ጣና ሲገቡ፥ ያ ቀለም የገበሬው ማሳ ነው። አርሶ አደሩ መሬቱ እየሳሳ መሆኑን ያውቃል፤ ስንት እንደሄደበት ግን አያውቅም። ለማወቅ ከባድ ነገር አያስፈልግም። አንድ ሊትር ውሃ ተቀድቶ፥ ተጣርቶ፥ ደርቆ ይመዘናል። እንበልና በሊትር አንድ ግራም አፈር ቢገኝበትና ወንዙ በሰከንድ 100 ሜትር ኩብ ውሃ ቢያወርድ፥ በአንድ ቀን ውስጥ 8,640 ቶን አፈር አለፈ ማለት ነው። «መሬታችን እየታጠበ ነው» የሚለውን እንጕርጕሮ ማንም ሰምቶ ሊያልፈው ይችላል። በየሳምንቱ ተለክቶ የተጻፈውን ቶን ግን ለማለፍ ያስቸግራል። እርከን የት ይሠራ፥ ዛፍ የት ይተከል ለሚለው ጥያቄም መልስ የሚገኘው ከዚሁ ነው።

በዚህ ዘመን የመለኪያው ጥበብ እጅግ ርቆ ሄዷል። እ.ኤ.አ. በ1938 ብሩናወር፥ ኤሜትና ቴለር የተባሉ ሦስት ሳይንቲስቶች ጋዝ በዱቄት ላይ ሲለጠፍ ከሚይዘው መጠን የገጽን ስፋት የማስላት ዘዴ አወጡ። እ.ኤ.አ. በ1941 በእንግሊዝ አገር ታሊሰርፍ የተባለው መሣሪያ ወጣ፤ ጫፏ የሾለ መርፌ በብረቱ ገጽ ላይ ስትጎተት ከፍ ዝቅ ማለቷን እያጎላ ይመዘግባል፤ ጣት «ሻካራ ነው» ያለውን እርሱ በቁጥር ይናገራል። እ.ኤ.አ. በ1981 ጌርድ ቢኒግና ሃይንሪኽ ሮረር በዙሪክ ባሠሩት መሣሪያ መርፌዋ ገጹን ሳትነካ አተሞችን አንድ በአንድ ለማየት ተቻለ፤ በ1986ም የኖቤልን ሽልማት ተካፈሉ። የላዘር ብርሃን ደግሞ በቅንጣቶች ላይ ሲያርፍ ከትንሹ ቅንጣት በሰፊ ማዕዘን፥ ከትልቁ በጠባብ ማዕዘን ስለሚበተን፥ ቀድሞ ሙሉ ቀን የሚፈጀው የቅንጣት ልኬት በደቂቃዎች ያልቃል።

እነዚህን ስንዘረዝር አንባቢ «ይህ ሁሉ ለእኛ ምን ይረባናል?» ብሎ እንደሚጠይቅ እናውቃለን። መልሳችን ከዚሁ ከአገራችን ታሪክ ይነሣል። ዓፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖል የተባለውን፥ 7 ቶን ያህል የሚመዝነውን መድፍ እ.ኤ.አ. በ1867 ያሠሩት በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት ነው። ብረት ወይም ነሐስ አቅልጦ የሚያፈስ ሰው ሁሉ የቅርጹ አሸዋ ወይም ጭቃ ደቃቅነት የዕቃውን ገጽ እንደሚወስን በእጁ ያውቃል። ነገር ግን በሚቀጥለው ዓመት መቅደላ ላይ የሆነው ሲሆን የጋፋት ሥራ ተቋረጠ፤ ባለሙያዎቹም ተበታተኑ። መድፉ መቅደላ ላይ ቀረ፤ የእጁ ዕውቀት ግን በጋፋት አልቀረም። ዛሬ የደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት በዚሁ በጋፋት ስም ይጠራል። ስሙን መውሰድ ጥሩ ነው። የበለጠው ክብር ግን በእጅ የተሠራው ሁሉ ተለክቶ፥ ተጽፎ፥ ለሚመጣው ተማሪ የሚተላለፍበትን ልማድ ማቆም ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። የሠለጠነ መሣሪያ መግዛት ብቻውን ዳኛ አያስገኝም። ዳኛ የሚያሰኘው መታመኑ ነው። አባቶቻችን በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም ይላሉ፤ ቁናው ከመንደር መንደር የሚለያይ ከሆነ ግን መስፈሩም መሰፈሩም ጠብ ያመጣል። ስለዚህ ነው እ.ኤ.አ. በ1875 አሥራ ሰባት መንግሥታት በፓሪስ ተሰብስበው የሜትርን ስምምነት የፈረሙት። በአገራችንም በ2003 ዓ.ም. ቀድሞ በአንድ መሥሪያ ቤት ሥር የነበሩት ሥራዎች ተለያይተው፥ ደረጃ የሚያወጣው፥ መለኪያን የሚያመሳክረው፥ ዕቃን የሚፈትሸውና ለቤተ ሙከራዎች የብቃት ማረጋገጫ የሚሰጠው ለየራሳቸው ተቋቋሙ። ደንብ አውጪው ራሱ መርማሪ፥ መርማሪውም ራሱ ምስክር እንዳይሆን ማለት ነው። አንድ ሚዛን በየጊዜው ከታወቀ ክብደት ጋር ካልተመሳከረ፥ የሚናገረው ቁጥር ከገበያ ወሬ አይሻልም።

የማይለካ አገር በሌላ ቁና ይሰፈራል። እ.ኤ.አ. በ2008 ጃፓን ከኢትዮጵያ በገባ ቡና ላይ ከተፈቀደው መጠን በላይ የጸረ ተባይ መድኃኒት ቅሪት አግኝታ ቁጥጥሯን ስታጠብቅ፥ ወደዚያ የሚላከው ቡናችን በእጅጉ ቀነሰ። ቅሪቱ ከጆንያዎቹ የመጣ ሳይሆን አይቀርም ተብሎም ተጠርጥሮ ነበር። ቡናው ከወደብ ሳይወጣ ተመርምሮ ቢሆን ኖሮ ጥፋቱ በቤታችን ታውቆ በቤታችን በታረመ ነበር። ነገሩ የቡና ቢሆንም ትምህርቱ ለአሸዋውም፥ ለሲሚንቶውም፥ ለአፈሩም አንድ ነው።

እዚህ ላይ በተማሪው ዘንድ ስላለ አንድ ልማድ በግልጽ መናገር ይገባናል። የሸክላው ቅንጣት እስኪወርድ ሰዓታት መጠበቅ አሰልቺ ነው፤ ስለዚህ መለኪያው ሳይነበብ ቁጥሩ ይጻፋል፤ ያምናው ተማሪ ሪፖርትም ስሙ ተቀይሮ ይቀርባል። «ለማርክ ነው፥ ማንን ይጎዳል?» ይባላል። እንደዚህ ያለው ሪፖርት የሚታወቅበት አንድ ምልክት አለ፤ የውሃው ሙቀት አይጻፍበትም። 15 ዲግሪ የሆነ ውሃ ከ20 ዲግሪው ይልቅ 14 በመቶ ያህል ይወፍራል፤ ቅንጣቱም በዚያው መጠን ይዘገያል። ወደ 2,700 ሜትር ከፍታ ላይ ባለችው በደብረ ታቦር በጧት የተነበበ ቁጥርና በቆላው ቀትር የተነበበ ቁጥር ሳይታረሙ አንድ ሊሆኑ አይችሉም። ከባሕር ማዶ መጽሐፍ የተገለበጠው ሠንጠረዥ ይህን አያውቅም፤ ቴርሞሜትሩን የነከረ ተማሪ ግን ያውቃል።

ማንን ይጎዳል ለሚለውም መልሱ ሩቅ አይደለም። ዛሬ ያላነበበውን ቁጥር የጻፈ ተማሪ ከሦስት ዓመት በኋላ የአሸዋውን ምስክር ወረቀት የሚፈርመው መሐንዲስ ነው። ያን ጊዜ 6 በመቶ የሚለው ቃል በወረቀቱ ላይ ይኖራል፤ በአሸዋው ውስጥ ግን አይኖርም። የመዳፍ ፍርድ ቢሳሳት እንኳ መሳሳቱ ይታሰባል፤ ማኅተም ያለበት ሐሰት ግን ተከራካሪ የለውምና ከድንቁርና ይከፋል።

ጥፋቱ የተማሪው ብቻ ነው አንልም። ለአንድ መሣሪያ ሃያ ተማሪ ከተሰለፈ ሁለቱ ይነካሉ፥ የቀሩት ይገለብጣሉ። በብዙ ትምህርት ቤቶች በዕርዳታ የመጣ ውድ መሣሪያ ትንሽ መለዋወጫ በማጣት ብቻ ጨርቅ ለብሶ ይኖራል። ለመግዣው በጀት ሲያዝ ለጥገናውና ለማመሳከሪያው አይያዝም። የቤተ ሙከራውም ቴክኒሻን፥ የሁሉ ሥራ በእጁ ሳለ፥ በስብሰባ ላይ ወንበር የለውም። መምህራኖቻችን ይህን ከእኛ የበለጠ ያውቁታል።

«አስቀድሞ እንጀራ ይገኝ፥ ላዘሩ ይቆይ» የሚሉን አሉ። ላዘሩ ቢቆይ እኛም አንቃወምም። ለመጀመር የሚያስፈልገው ቀጥ ያለ የመስታወት ጠርሙስና አንድ ማንኪያ ጨው ነው። አሸዋው እስከ ግማሽ ድረስ ይጨመርበታል፤ ጨው የገባበት ውሃ ይሞላበታል፤ በደንብ ይናጥና ሦስት ሰዓት ሳይነካ ይቀመጣል። ጨው ደቃቁን ሸክላ ስለሚያሰባስበው ቶሎ ይወርዳል። አሸዋው ከታች፥ ደለሉ ከላይ ይረጋሉ፤ ሁለቱም በማስመሪያ ይለካሉ። በ10 ሳንቲሜትር አሸዋ ላይ ከ6 ሚሊሜትር የበለጠ ደለል ከታየ አሸዋው አጠራጣሪ ነው፤ ተመዝኖ ይረጋገጥ ዘንድም ወደ ቤተ ሙከራ ይላክ። ይህ ግምት እንጂ የመጨረሻ ፍርድ አይደለም፤ ነገር ግን ሻጭም ገዢም በዓይናቸው የሚያዩት ምስክር ነው።

ስለዚህ ለማኅበራችን፥ ለመምህራኖቻችንና ለአስተዳደሩ ሦስት ነገሮችን እናሳስባለን። አንደኛ፥ በየወሩ አንድ ቀን ቤተ ሙከራው ለሕዝብ ይከፈት፤ ግንበኛው አሸዋውን፥ ገበሬውም አፈሩን ይዞ ይምጣ፤ ተማሪዎችም በመምህር እየተመሩ ይለኩለት፤ ውጤቱንም በሚገባው አማርኛ ጽፈው ይስጡት። ከመካከላችን ፈቃደኞች ጠርሙሳቸውን ይዘው ሐሙሲት ገበያ ድረስ ቢወርዱ ሥራው ይበልጥ ያምራል። ሁለተኛ፥ በየቤተ ሙከራው በር ላይ የመሣሪያዎቹ ዝርዝር ይለጠፍ፤ የትኛው ይሠራል፥ የትኛው ተበላሽቷል፥ መጨረሻ የተመሳከረውስ መቼ ነው የሚለው ለሁሉ ይታይ። የተሰወረ ብልሽት አይጠገንም። ሦስተኛ፥ የሙከራ ሪፖርት ሲታረም ማርኩ «ትክክለኛውን» ቁጥር ላመጣ ብቻ አይሰጥ፤ ሙከራው ያልተሳካለትና ያልተሳካበትን ምክንያት በሐቅ የጻፈ ተማሪ ያላነበበውን ካሳመረው በላይ ይመዘን። መምህራኖቻችን ይህን ቢያደርጉ ግልበጣው ግማሽ መንገድ ላይ ይሞታል።

ይህን ስንል ከፍ ያለውን ምርምር ንቀን አይደለም። አተምን በመርፌ ጫፍ የሚያነብ መሣሪያ በየክፍለ ሀገሩ ቆሞ ብናይ ደስታችን ነው። ነገር ግን ያ መሣሪያ የሚጠይቀው ትዕግሥትና ሐቀኝነት በጠርሙሱ ፊት ሦስት ሰዓት ከመቀመጥ ይማራል። በጠርሙሱ ያልታመነ በላዘሩም አይታመንም።

ጉማራ በሚቀጥለው ክረምትም ይሞላል፤ አሸዋም ያወርዳል፤ ቤትም ይሠራበታል። ያ አሸዋ ተለክቶ ወይም ሳይለካ መሄዱ ግን የወንዙ ጉዳይ ሳይሆን የእኛ ነው። ጠርሙስ ለማዋጣት የፈቀዳችሁ ባልንጀሮቻችን ስማችሁን በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት አስመዝግቡ።